«ነገሠ» እና «አነገሠ»፦ ታሪክ ለምትጽፉ ልጆቼ

በደብረ ብርሃን ረጅም ዘመን ቋንቋ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የአገራችሁን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣችሁ ወጣቶች ጽሑፋችሁን እንዳርምላችሁ ስታመጡልኝ ደስታዬ ትልቅ ነው፤ ብዕሬ ደጋግሞ የሚቆመው ግን «ነገሠ» ከሚለው ቃል ላይ ነው።

ቃሉ ከግእዝ የመጣ ነው። ንጉሥ፣ ንግሥት፣ መንግሥት፣ ታቦት ወጥቶ በየዓመቱ የምናከብረው የቤተ ክርስቲያን ንግሥም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ዐረቦች የእኛን ነገሥታት «ነጃሺ» ያሉትም ከዚሁ ወስደው ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህሮቻችን አንዱን ፊደል «ንጉሡ ሠ»፣ ሌላውን «እሳቱ ሰ» እያሉ ሲያስጠኑን የፊደሉ ስም የሚጻፍበትን ቦታ እንዲያስታውሰን ነበርና፣ ንጉሥን በእሳቱ ሰ መጻፍ ምንም ያህል ቢለመድ እኔ አልቀበለውም።

ከፊደሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግሡ ነው። «ነገሠ» የባለቤቱን መንገሥ ብቻ ይናገራል፤ «አነገሠ» ግን አንጋሽ ይፈልጋል። «ተቀባ» ሲባል ደግሞ ቅብዐ መንግሥቱን የሚያፈስ ካህን ከኋላ አለ። «ዘውድ ደፋ» ስንል፣ ባርኔጣ እንደሚደፋ ሰው ሁሉ፣ በራስ ላይ የተቀመጠውን ምልክት እናሳያለን እንጂ ያስቀመጠውን አንናገርም፤ «ዘውድ ጫኑለት» ስንል ግን ጫኚው ይመጣል።

በወጣትነቴ «ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. በልቼ ነገሡ» ብዬ ጽፌ ላነበብኩላቸው አንድ አዛውንት «ማን አነገሣቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ልቼ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ ናት፤ እኔ ግን መልሱን ከዐረፍተ ነገሬ አውጥቼ ጥዬው ነበር። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን መግዛት የጀመሩት በ1857 ዓ.ም. ነው። በልቼ የሆነው ሌላ ነው፤ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ገብተው የንጉሠ ነገሥትነቱን መጠሪያ ተዉ፣ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው። «ነገሡ» የሚለው አንድ ቃል ያን ሁሉ የ2 ሰዎች ድርድር ሸፍኖት ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም አቡነ ማቴዎስ ቀብተዋቸው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ግን አንጋሹም፣ ማዕርጉም፣ ግሡም ተለውጧል።

ስለ ልቼ ያመጣችሁልኝን ረቂቅ መልሳችሁ ስትጽፉ፣ ዐፄ ዮሐንስን የግሡ ባለቤት አድርጋችሁ ከዐረፍተ ነገሩ ራስ ላይ አስቀምጧቸው።