ጡንቻ «ያቃጥላል» ወይስ «ይሰባብራል»?

ጥያቄ፦ ፒያሳ የስፖርት አሠልጣኝ ነኝ። ለሠልጣኞቼ በማዘጋጀው ማስታወሻ፣ ጡንቻ ግላይኮጅንን (ከብዙ ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳር፣ ተያይዞ የተሠራውን የሰውነት ክምችት) «ያቃጥላል» ልበል «ይሰባብራል»?

መልስ፦ ሁለቱንም አይጻፉ። የሚቃጠል ነገር ኦክስጅን ይፈልጋል። ከለገሃር የቸርችልን ዳገት በሩጫ የሚወጣ ሰው ጡንቻ ግን ኦክስጅን እስኪዳረስለት አይጠብቅም፤ ከግላይኮጅን ያገኘውን ግሉኮስ አብዛኛውን ላክቴት ወደተባለ ውህድ ለውጦ ጉልበት ያወጣል። ታዲያ ምኑ ተቃጠለ?

«ሰባበረ» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በመማሪያ ጽሑፍም ገብቶላቸዋል። አልቀበለውም። «ሰባበረ» እንዳገኙ፣ ካገኙበት ቦታ መስበር ነው። ፎስፎሪሌዝ የተባለው ኢንዛይም ግን ከግላይኮጅኑ ቅርንጫፎች ጫፍ ጀምሮ ግሉኮሱን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ከመጋጠሚያው አራት ግሉኮስ ሲቀረው ይቆምና ቀሪውን ሌላ ኢንዛይም ይረከበዋል። ይህ መሰባበር ነው?

ግሱ «ዘረዘረ» ነው። እንደ «ሸረሸረ»፣ «ነሰነሰ»፣ «ዘከዘከ» ሁለት ተነባቢዎችን ደግሞ የሚሠራ ባለ አራት ተነባቢ ግስ ነው፤ ሥራው በጥቂት በጥቂቱ መደጋገሙን ቅርጹ ራሱ ይናገራል። የአራት ኪሎ ታክሲ ረዳት 200 ብር ሲሰጡት «ዝርዝር የለም?» ይላል። ብሩ አልተቃጠለም፣ አልተሰበረም፤ በዚያው ዋጋ ለእጅ ወደሚመች ገንዘብ ተለወጠ እንጂ። «መዘርዘር ዛሬ ማብራራት ነው» ብለው የሚከራከሩኝ፣ ማብራራትም አንድ በአንድ መሆኑን አይርሱት!

ግላይኮጅንን ለማስቀመጡ ግን «ማከማቸት» ይሁን፣ አልጣላውም።

ስላልጠየቁኝ ደግሞ ልንገርዎ። የግላይኮጅንን ስም ያወጣው ፈረንሳዊው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ክሎድ ቤርናር ነው፤ በ1857 እ.ኤ.አ. ከጉበት ለይቶት፣ ከግሪክኛው «ጣፋጭ» እና «አመንጪ» ገጣጠመው። እንግዲህ «ግሊኮጅን» ብንል ለምንጩ በቀረብን ነበር፤ «ግላይ» የእንግሊዝኛ አፍ ነው። ግን አገር ምድሩ «ግላይኮጅን» ብሏል፤ ሳልወድ እኔም ከላይ እንደዚያው ጽፌያለሁ። «ካሎሪ ማቃጠል»ንም መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ማለዳ የሚጮኸውን ሁሉ ማን ያስጥለዋል? በቃልዎ «አቃጥሉ!» ይበሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ይዘረዝራል»።

የጉበቱን ለይተው ይጻፉ። በአዋቂ ሰው ጉበት ወደ 100 ግራም፣ በጡንቻዎች በጠቅላላ ወደ 400 ግራም ግላይኮጅን ይከማቻል። ጉበት ዘርዝሮ ግሉኮሱን ወደ ደም ይለቃል፤ ጡንቻ ግን ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ስለሌለው የዘረዘረውን እዚያው ለራሱ ያውለዋል። ስለዚህ «ጡንቻ ለደም ይዘረዝራል» ብለው እንዳይጽፉ።