በፍራን ላይ ቶሎ አትፍረዱ

የፍቅር ፊልም ጠቁመን የምትሉኝ ልጆች፣ የምትጠብቁት ሁለት ቆንጆ ወጣቶች ሲገናኙ፣ ሲኳረፉና ሲታረቁ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የምጠቁማችሁ ግን ዕድሜው የገፋ የመኪና ፋብሪካ ባለቤት ነው። ፊልሙ «ዶድስዎርዝ» ይባላል፤ ዊሊያም ዋይለር በ1936 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከሲንክሌር ሉዊስ ልቦለድ ያዘጋጀው ነው። ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንድ ብቻ ወሰደ። ዛሬ ስለ ድሮ የሆሊውድ ፍቅር ሲወራ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ርዕሱም አላገዘውም፤ የአንድ ሰውዬን የቤተሰብ ስም ሰምቶ ማን ለፍቅር ይጓጓል?

ሳም ዶድስዎርዝ ፋብሪካውን ሸጦ ከሚስቱ ከፍራን ጋር ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ገና ሲጀምር ጀርባውን ሰጥቶን፣ በመስኮት ፋብሪካውን ሲያይ እናገኘዋለን። ፊቱን ሳናይ የሚያጣው ነገር ይገባናል። እኔ ጡረተኛ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ሆዴ ይባባል፤ እናንተ ሥራ ገና እየፈለጋችሁ ስለሆነ ላይሰማችሁ ይችላል፣ ግድ የለም።

የምለምናችሁ ስለ ፍራን ነው። ባሏን ትንቃለች፣ ከአንዱ ወንድ ወደ ሌላው ትላለች፣ አያት መሆኗ እንዲታወቅባት አትፈልግም። ለመጥላት የተመቸች ናት፤ ብዙው ተመልካችም ጠልቷት ይቀራል። የቪየናውን ትዕይንት ግን ረጋ ብላችሁ እዩ። በዕድሜ የሚያንሳትን ባላባት ልታገባ ስትል እናቱ ትመጣለች። አሮጊቷ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አታደርግም። የወጣት ባል ያላት አሮጊት ሚስት ምን ያህል ደስታ ሊኖራት እንደሚችል አስበውበታል ወይ ብላ በጨዋ ደንብ ትጠይቃታለች። ያኔ ፍራንን የምትጫወተው ሩት ቻተርተን ፊቷ ላይ የምታሳየው ድንጋጤ የቅብጥብጥ ሴት አይደለም፤ ስታባርረው የኖረችው እርጅና በስሟ የጠራት ሰው ነው። እናቲቱን የተጫወተችው ማሪያ ኡስፐንስካያ በዚች አጭር ትዕይንት ብቻ ለኦስካር ታጭታለች።

ዋልተር ሂውስተን ሳምን ቀድሞ በብሮድዌይ (በኒውዮርክ የቲያትር) መድረክም ተጫውቶታል፤ ለዚህ ይመስለኛል ዝምታው ሁሉ የሚያምርበት። መጀመሪያ መርከቡ ላይ፣ በኋላም ኔፕልስ ላይ የምታገኟትን፣ ሜሪ አስተር የምትጫወታትን ኢዲትን መውደድ ቀላል ነው፣ ውደዷት። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ፊልሙ ሲያልቅ «ፍራን ከእንግዲህ እንዴት ትሆናለች?» ብሎ ያላሰበ ካለ ግን ይምጣና እንከራከር።