ሰርተፊኬት የሚፈርም እጅ ማገድንም ይልመድ

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው በሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ በጥገና ሃንጋር ወይም በአየር መንገድ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ሥራ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ለተዘጋጃችሁ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ሙያ ነው፤ ከቴክኒሻንነት ተነስቼ አየር መንገዶችን እስከ መመርመር ደርሻለሁ። ከምነግራችሁ ብዙ ጉዳይ መካከል አንዱን ብቻ መርጫለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደውና ትምህርት ቤት ውስጥ የማይለማመዱት እሱ ስለሆነ። ደረጃውን ያላሟላን አጓጓዥ ከበረራ ማገድ ነው ጉዳዩ።

ሰርተፊኬት መስጠት ደስ የሚል ሥራ ነው። ድርጅቱ ሐሳቡን ይዞ ይመጣል፣ ማመልከቻውን ያስገባል፣ የበረራና የጥገና መመሪያዎቹ ገጽ በገጽ ይነበባሉ፣ ከዚያ ሠራተኞቹና አውሮፕላኖቹ በተግባር ይፈተናሉ፤ በመጨረሻም ድርጅቱ እንዲበር የሚፈቅደው የአየር ኦፕሬተር ሰርተፊኬት ይፈረማል። ፎቶግራፍ አለ፣ ንግግር አለ፣ ሁሉም ይጨባበጣል። ነገር ግን ያ ወረቀት የሚመሰክረው በፈተናው ሰሞን ስለታየው ድርጅት ነው። በማግስቱ ዋናው የጥገና ኃላፊ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ይለወጣል፣ አውሮፕላኑ በእጥፍ ይጨምራል፣ ጥገናው ለሌላ ድርጅት በኮንትራት ይሰጣል። የፈረማችሁለት ድርጅትና አሁን የሚበርረው ድርጅት በስም ብቻ አንድ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ቫሉጄት የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ አካባቢ ባገለገሉ ዲሲ-9 አውሮፕላኖች ከአትላንታ መብረር ጀመረ። ቲኬቱ ርካሽ ስለነበር ሕዝብ ጎረፈለት፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አውሮፕላኖቹ 50 ገደማ ደረሱ። ከባድ ጥገናውን የሚሠሩለት በኮንትራት የያዛቸው ሌሎች ድርጅቶች ነበሩ። ችግሩን ያየ ሰው አልነበረም እንዳትሉ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሆነው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የራሱ ባለሙያዎች ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1996 በጻፉት የውስጥ ማስታወሻ፣ አየር መንገዱ በአፋጣኝ እንደ አዲስ ለሰርተፊኬት እንዲፈተን ሊታሰብበት ይገባል ብለው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ክትትሉን አጠናከረ፤ ሰርተፊኬቱን ግን አልነካም። ሦስት ወር አለፈ።

ሜይ 11 ቀን 1996 በረራ ቁጥር 592 ከማያሚ ተነስቶ ወደ አትላንታ ሲያመራ፣ አሥር ደቂቃ ያህል እንደበረረ በእሳት ተያይዞ ኤቨርግሌድስ ረግረግ ውስጥ ወደቀ። የተሳፈሩት 110 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

እሳቱ ከየት እንደመጣ በተለይ ቴክኒሻን የሆናችሁ በደንብ አጥኑት። ከተሳፋሪው ራስ በላይ ያለውን የኦክስጅን ጭምብል የሚመግቡ፣ በኬሚካል ውህደት ኦክስጅን የሚያመነጩ ጣሳዎች አሉ። አንዴ ከተቀሰቀሱ የላይኛው አካላቸው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ጊዜያቸው ያለፈባቸው እነዚህ ጣሳዎች ከሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ተነቅለው በካርቶን ታሽገው በጭነት ክፍሉ ገቡ፤ የጭነት ወረቀቱ ላይ ባዶ ናቸው ተብሎ ተጻፈ። ባዶ አልነበሩም። የሥራ ካርዱ፣ ጣሳው ካልተቀሰቀሰ በመምቻ መርፌው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ይደፋበት ይላል። ክዳኖቹ በሃንጋሩ ውስጥ አልነበሩም፤ ሥራው ደግሞ ተጣድፏል። በካርዱ ላይ ግን ክዳኑ ተደፍቷል ተብሎ ተፈረመ። ዋጋው ከሳንቲም የማይበልጥ ፕላስቲክ ጠፍቶ ፊርማው ተገኘ። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጣል፤ ያን ካርድ የፈረሙት ሰዎች ክፉዎች ስላልነበሩ ነው። እንደ እናንተ የደከማቸው፣ አለቃቸው የሚያጣድፋቸው ባለሙያዎች ነበሩ።

አደጋዎችን የሚመረምረው የአሜሪካ ብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ ጥፋቱን በሦስት ቦታ አስቀመጠ። ጣሳዎቹን በአግባቡ ያላሰናዳውና ያላሸገው የጥገና ድርጅት፣ በኮንትራት ያሠራውን ጥገና ያልተቆጣጠረው አየር መንገድ፣ እንዲሁም በእንዲህ ዓይነቱ የጭነት ክፍል የጭስ ጠቋሚና የእሳት ማጥፊያ እንዲኖር ያላስገደደው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት። የመጨረሻው በተለይ ያማል፤ በ1988 ሌላ አውሮፕላን በጭነት ክፍሉ እሳት ተነስቶበት በደህና ካረፈ በኋላ ቦርዱ ይኸው እንዲደረግ አሳስቦ ነበርና። ግዴታው የወጣው በ1998 ነው።

ከአደጋው በኋላ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ፌዴሪኮ ፔኛ አየር መንገዱ አስተማማኝ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። ሆኖም በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በጁን ወር፣ ቫሉጄት ከተቆጣጣሪው ጋር በፈረመው ስምምነት በረራውን በሙሉ አቆመ። ተቆጣጣሪው ቀድሞ እንዲያቆመው የሚያስችል ሕግ ያኔም ነበር። የጎደለው ፈቃደኝነት ነው፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት የተቆጣጣሪውን ሥራ በሚወስነው አዋጅ ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ደህንነትን እንዲቆጣጠርም አቪዬሽንን እንዲያስፋፋም ታዝዞ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ሁለተኛውን ኃላፊነት ከላዩ ያነሳለት በዚያው በ1996 ነው።

ይህን ስታነቡ የአሜሪካ ታሪክ ነው ብላችሁ አትለፉት። አየር መንገዱም ተቆጣጣሪውም የመንግሥት በሆኑበት አገር፣ በአብዛኛው አፍሪካ ማለት ነው፣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። አየር መንገዱ የአገር ኩራት ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ መርማሪው ጉድለት ሲጽፍ አገሩን የወጋ ሊመስለው ይችላል። ተቆጣጣሪው የራሱ አዋጅ፣ የራሱ በጀት፣ ከአየር መንገዱ ሠራተኛ ጋር የሚቀራረብ ደመወዝ እንዲኖረው የምንጮኸው ለዚህ ነው። መርማሪው በልቡ ነገ አየር መንገዱ ይቀጥረኛል እያለ ከሆነ ዛሬ ብዕሩ ይከብደዋል።

ከሕጉ በላይ የሚፈትናችሁ ግን ይሉኝታ ነው። ማንም ቢሯችሁ ገብቶ ሕግ ጣስልኝ አይላችሁም። የሚላችሁ “የሰው እንጀራ ነው፣ ተው” ነው። ሠራተኛው ሊበተን ነው፣ መንገደኛው ሜዳ ላይ ሊቀር ነው፣ ባለቤቱ ያለውን ሁሉ አፍስሶበታል፣ አንተም የአገር ልጅ ነህ። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። እንጀራ መዝጋት በእኛ ዘንድ ከባድ ነውር ስለሆነ ይህ ቃል ልባችሁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ካላንቀጠቀጠውም ሰው አይደላችሁም። ሆኖም ሰውየው የሚለምናችሁ የራሱ ያልሆነ ነገር እንድትሰጡት ነው። ተሳፋሪዋ ቲኬት ስትገዛ የጥገናውን መዝገብ አላየችም፤ ልታይም አትችልም። ባላየችው ነገር ላይ እናንተን ወክላለች።

በአንድ አየር መንገድ፣ ስሙን አላነሳም፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ የአንድ አውሮፕላን ቴክኒካል መዝገብ ስገልጥ የካቢን ግፊት መቆጣጠሪያው ያስጠነቅቃል የሚል ቅሬታ አገኘሁ። ከጎኑ “ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኝቷል” ይላል። ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ ያው ቅሬታ፣ ያው መልስ፣ ሌላ ፊርማ። እንደገና ገለጥኩ፤ በመካከሉ አንድ መሣሪያ ተለውጧል፣ ከጥቂት በረራ በኋላ ቅሬታው ተመልሷል። አውሮፕላኑ ሲነጋ በረራ ነበረበት። አይነሳም አልኩ። ስልክ ተደወለልኝ፣ ሁለተኛ ተደወለልኝ፣ መንገደኛው በር ላይ መሰለፉ ተነገረኝ። ቴክኒሻኖቹ የውስጥ ሽፋኑን ፈትተው ሲከታተሉ፣ በብረት ማቀፊያው ላይ እየታሸ ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ተገኘ። መሣሪያውን መቶ ጊዜ ቢለውጡት አይድንም ነበር። እያንዳንዱ ፈረቃ የራሱን ገጽ ብቻ አይቶ ፈርሟል፤ ሁሉም በፊርማው ልክ ትክክል ነበር። ስለዚህ መዝገብ ስታነቡ የዛሬውን ገጽ ብቻ አታንብቡ።

የኢንዶኔዥያው አዳም ኤር በዚሁ መንገድ ነው የጠፋው። አውሮፕላኑ የት እንዳለና ወዴት እንዳጋደለ ለአብራሪው የሚነግረው የኢነርሺያል ማጣቀሻ ሥርዓት በተደጋጋሚ ይበላሽ ነበር። በፌብሩዋሪ 2006 አንዱ አውሮፕላናቸው ወደ ማካሳር ሲበር መንገድ ስቶ፣ ሱምባ የምትባል ደሴት ላይ ባለ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ፤ በዚያ ቀን ሰው አልሞተም። ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 በረራ ቁጥር 574 ከሱራባያ ተነስቶ ወደ ማናዶ ሲሄድ፣ ሁለቱም አብራሪዎች የዚህኑ ሥርዓት ብልሽት ለማስተካከል ሲጨነቁ አውቶፓይለቱ ለቀቀ፤ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ማጋደሉን ሳያዩ ቆዩ። 102 ሰዎች ባሕር ውስጥ ቀሩ። የምርመራ ሪፖርቱ ያገኘው ቁጥር ከአእምሮዬ አይወጣም፤ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 2006 ባሉት ሦስት ወራት ብቻ ከዚህ ሥርዓት ጋር በቀጥታም በተዘዋዋሪም የተያያዙ 154 ተደጋጋሚ ብልሽቶች ተመዝግበዋል። በሃንጋሩም፣ በድርጅቱም፣ በተቆጣጣሪውም በኩል ቁጥሩን ደምሮ ይህ ይቁም ያለ አልተገኘም።

በዚያው ዓመት የኢንዶኔዥያ መንግሥት አየር መንገዶቹን በሦስት ደረጃ መደበ፤ አንደኛ ደረጃ የገባ አልነበረም፣ አዳም ኤር ከሦስተኛው ነበር። በጁላይ 2007 የአውሮፓ ኅብረት የአገሪቱን አየር መንገዶች በሙሉ ከሰማዩ አገደ፤ አሜሪካም የአገሪቱን የቁጥጥር ደረጃ መስፈርቱን ወደማያሟሉ አገሮች፣ ወደ ሁለተኛ ምድብ፣ አወረደች። አዳም ኤር በ2008 ሰርተፊኬቱን ተነጥቆ ከገበያ ወጣ። ኢንዶኔዥያ ግን አልጠፋችም። መርማሪ ቀጠረች፣ ሕጓን አሻሻለች፤ የአገሪቱ ብሔራዊ አየር መንገድ ጋሩዳ በ2009 ወደ አውሮፓ እንዲበር ተፈቀደለት፣ አሜሪካ በ2016 ደረጃዋን መለሰችላት፣ በ2018 አገሪቱ ከአውሮፓ የእገዳ ዝርዝር ጨርሳ ወጣች። አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቷል። እገዳ ሞት ነው ለሚሏችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ቀላል ነው ለሚሏችሁም እንዲሁ።

የአውሮፓው ዝርዝር እንዴት እንደመጣም እወቁ። በጃንዋሪ 2004 የግብፁ ፍላሽ ኤርላይንስ አውሮፕላን ከሻርም ኤል ሼክ እንደተነሳ ቀይ ባሕር ውስጥ ወድቆ 148 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ፈረንሳውያን ነበሩ። ስዊዘርላንድ ይህን አየር መንገድ በ2002 አግዳው እንደነበር የሟች ቤተሰቦች የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። የአደጋው መንስኤ ላይ መርማሪዎቹ አልተስማሙም፤ ስለዚህ እገዳው ቢታወቅ አደጋው ይቀር ነበር አልልም። ተጓዡ ግን የማወቅ መብት ነበረው። ኅብረቱ በ2005 ሕግ አወጣ፣ በማርች 2006 የመጀመሪያውን ዝርዝር ይፋ አደረገ። ውሳኔያችሁ በፋይል ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር፤ ያገዳችሁትን በግልጽ አውጁ።

ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልበል። ማርች 10 ቀን 2019 በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖቹን ከዚያው ዕለት ጀምሮ አቆመ። የመረጃ ሳጥኖቹ ገና አልተነበቡም፤ አምራቹም አውሮፕላኑ አስተማማኝ ነው እያለ ነበር። ቻይና በማግስቱ ከአገሯ ሰማይ አገደችው፤ ለአውሮፕላኑ ሰርተፊኬት የሰጠችው አሜሪካ ያገደችው ማርች 13 ነው። ገቢ ሲቀር፣ መርሐ ግብር ሲዛባ እያዩ፣ ማስረጃው ሙሉ ሳይሆን የወሰኑ የሙያ አጋሮቻችን አሉ። ምሳሌ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ።

አሁን ለሥራችሁ የሚሆን። ጉድለት ስትጽፉ የደንቡን ቁጥር፣ ያያችሁትን፣ ያያችሁበትን ቀንና ቦታ ጻፉ፤ “በአጠቃላይ ደካማ ነው” የሚል ቃል ጠበቃም ይጥለዋል፣ ሚኒስትርም ይተወዋል። የማስተካከያ ጊዜ ስትሰጡ ቀኑን ቁረጡ፤ ቀኑ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን በዚያው ደብዳቤ ላይ ይስፈር፣ ባለፈም ጊዜ ይሁን። በስልክ የሚመጣ ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲሆን በትሕትና ጠይቁ፤ አብዛኛው ከዚያ በኋላ አይመጣም። ብቻችሁን አትወስኑ፣ ባልደረባ ይኑር። ሳይቃጠል በቅጠል የምንለውን በዚህ ሙያ የሚያስፈጽመው ትንሹ እርምጃ ነው፤ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ መስመር፣ አንድ የጥገና ፈቃድ በጊዜው ስታግዱ ሙሉ ሰርተፊኬት የመንጠቅ ቀን ላይመጣ ይችላል።

እገዳ ስታነሱም ድርጅቱ ባመጣላችሁ ፋይል ውበት አትርኩ። ወደ ሃንጋሩ ሂዱ፣ ቢቻል በሌሊት ፈረቃ። ባለፈው ጉድለት የተገኘበትን ክፍል ራሳችሁ አስከፍታችሁ እዩ፤ የሥራ ካርዱን ከፈረመው ቴክኒሻን ጋር አለቃው በሌለበት ተነጋገሩ፤ የጎደለ ዕቃ ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚናገር፣ ተናግሮስ ምን እንደደረሰበት ጠይቁት።