የብሬራ እጽዋት መናፈሻ የገዳሙ እኩያ ነውን?

ጥያቄ፦ በጣሊያን፣ ሚላኖ ውስጥ ያለው የብሬራ እጽዋት መናፈሻ ከመነኮሳት አትክልት ስፍራ የመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ዕድሜው ከገዳሙ ጀምሮ ይቆጠራል? መደቦቹስ ለምን ጠበው በጡብ ታጠሩ?

መልስ፦ መሬቱ የመነኮሳቱ ነበር፤ የእጽዋት መናፈሻው ግን በ1774 የተጀመረ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመካከለኛው ዘመን ቦታውን ያለሙት ኡሚሊያቲ የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበርተኞች ናቸው። ከእነሱ ወገን የሆነ ሰው በ1569 የሚላኖውን ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜኦን በጥይት ለመግደል ሞከረ፤ በ1571 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ ማኅበሩን አፈረሱት፤ ግቢውም ኢየሱሳውያን (ጀዝዊት) ለሚባሉት ለሌላ የካቶሊክ ማኅበር ተላለፈ። የኢየሱሳውያን ማኅበር ደግሞ በተራው በ1773 ፈረሰ። ያን ጊዜ ሚላኖ በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ነበረችና እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ አትክልት ስፍራውን የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች መማሪያ አደረጉት። ሥራውን የመራው ፉልጀንሲዮ ቪትማን ራሱ የቫሎምብሮዛ ገዳም ማኅበር መነኩሴ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ማኅበራቱ ቢፈርሱም የመነኮሳት እጅ ከቦታው አልራቀም።

ወደ መደቦቹ እንምጣ። ለመማሪያ የሚሆን መደብ ሳይረገጥ በእጅ መዳረስ አለበት። ከሁለት ወገን የሚደረስበት ከሆነ 1 ሜትር ከ20፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ ከሰፋ አራሚው መግባቱ አይቀርም፤ የተረገጠ አፈር ይጠቀጠቃል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ሥሩም አየር ያጣል። የጡቡ ጥቅም መንገዱንና መደቡን መለየት፣ አፈሩም እንዳይናድ መያዝ ነው። ናናን የመሰለ ከመሬት በታች እየተሳበ የሚዛመት ተክል ግን ከላይ በተደረደረ ጡብ አይገታም፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርድ መከለያ ይፈልጋል። ዘሩን የሚበትነውም አበባው ሳይደርቅ ይቆረጥ። ይህ ችላ ከተባለ የአንዱ ተክል የስም ምልክት በሌላው ላይ ይቀራል፤ መድኃኒት ለሚማር ሰው ከዚህ የከፋ ስህተት የለም።

እዚያ ከሄዱ ያረጁትን የጊንኮ ዛፎች ሳያዩ አይመለሱ። ጊንኮ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ነው፤ የሴቴዋ ፍሬ መሬት ወድቆ ሲበሰብስ ክፉኛ ይሸታል። ከዘር የበቀለው ችግኝ ጾታው ሳይታወቅ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መንገድ ዳር የሚተክል ሰው ወንዴነቱ ከታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ የተዳቀለ ችግኝ ይምረጥ።