ቁጥር «ለ» ይካፈላል ወይስ «በ»?

ጥያቄ፦ ስለ 2,147,483,647 ስጽፍ «ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም ሙሉ ቁጥር አይካፈልም» አልኩ። አራሚዬ «ለምንም» ብለው ለወጡት። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ እኔ ከአራሚዎ ጋር ነኝ። ነገር ግን ሁለታችሁም አንድ ቃል ዘላችኋል፤ እመለስበታለሁ።

በግእዝ «ከፈለ» ለየ፣ አደለ ማለት ነው፤ «ክፍል» ድርሻ ነው። አማርኛ ግሱን ለዕዳና ለደመወዝ ሰጠውና የጥንቱ ፍች በ«ከፋፈለ» እና በ«ተካፈለ» ቀረ። በዐረብኛም «ክፍል» ድርሻ ነው፤ በዕብራይስጥ ግን እነዚሁ ሦስት ተነባቢዎች ማጠፍን፣ ማባዛትን ይሰይማሉ። በ«ተካፈለ» ውስጥ «ከ» ወደ ራብዕ መዞሩ ድርጊቱን የብዙዎች ያደርገዋል። ድርሻ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፤ አማርኛ ተቀባይን የሚያመለክተው በ«ለ» ነው። 12 ለ3 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4 ይደርሰዋል። «ሲባዛ በ»፣ «ሲካፈል ለ» የሚለው የቃል ስሌትም ሁለቱን መስተዋድዶች ለይቶ አቆይቷል።

«በ» መሣሪያን ያሳያል፣ አካፋዩም መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። ገመድ በቢላ ሲቆረጥ ስንት ቦታ እንደሚሆን ቢላው አይወስንም፤ 3 ግን ይወስናል። የሚከብደው ሌላው ክርክራቸው ነው፦ 7 ለግማሽ ሲካፈል 14 ነው፤ ግማሽ ተቀባይ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ የእደላው ሥዕል ይፈርሳል። በሙሉ ቁጥር ግን አይፈርስም፤ የእርስዎም ጉዳይ ሙሉ ቁጥር ነው።

የዘለላችሁት ቃል «ያለ ቀሪ» ነው፤ ከመስተዋድዱ ይልቅ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ይህ ቁጥር እኮ ለ3 ይካፈላል፦ 715,827,882 ደርሶ 1 ይቀራል። ብቸኛ ቁጥር የሚያሰኘው አለመካፈሉ ሳይሆን ለ1 እና ለራሱ ካልሆነ በቀር ለማንኛውም ሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቀሪ መተዉ ነው። ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ ከ46,340 የማይበልጥ አካፋይ ይገኝለት ነበር። ቁጥሩ 2 ለ31 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት የሚገኝ ስለሆነ፣ ማናቸውም አካፋዩ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 መተው አለበት። የሒሳብ ሊቁ ሌዎንሃርድ ኦይለር ፍለጋውን በዚህ አጥብቦ እ.ኤ.አ. በ1772 ብቸኛነቱን አረጋገጠ። ለምሳሌ 311 መስፈርቱን ያሟላል፤ ቁጥራችን ለ311 ሲካፈል ግን 6,905,092 ደርሶ 35 ይቀራል።

«በ3 የሚካፈል» በሕትመት በዝቷል፤ ስሕተት ብሎ ለመሠረዝ ጊዜው አልፏል። እኔ ግን አልጽፈውም። ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ያድርጉት፦ «ለ1 እና ለራሱ ካልሆነ በቀር ለምንም ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም»። «በ»ን ከመረጡም «ያለ ቀሪ» እንዳይቀር።