«የፍቅር ከንቱ ድካም»፦ ስለ ሼክስፒር ኮሜዲ ለጠየቃችሁኝ

ስለዚህ የሼክስፒር የጥንት ኮሜዲ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የቻልኩትን ያህል በየተራ እመልሳለሁ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ላላነበብነው ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

መ፦ በፈረንሳይና በስፔን መካከል የነበረችው የናቫር ንጉሥና ሦስት መኳንንቱ፣ ቤሩን፣ ሎንጋቪልና ዱሜን፣ ሱባኤ እንደ መግባት ያለ ነገር ያስባሉ። ሦስት ዓመት ትምህርት ብቻ፣ በቀን አንድ ጊዜ መብላት፣ በሳምንት አንዱን ቀን ጭራሽ አለመቅመስ፣ በሌሊት ሦስት ሰዓት መተኛት፣ ሴት በዓይን አለማየት። ምለው ይፈርማሉ። ብዙም ሳይቆይ የፈረንሳይ ልዕልት ሦስት ደንገጡሮቿን አስከትላ ለመንግሥት ጉዳይ ትመጣለች። ንጉሡ ለመሐላው ሲል ቤተ መንግሥት አያስገባትም፤ ድንኳን ውስጥ ሜዳ ላይ ታድራለች። የንጉሥ ልጅ በደጅ!

ጥ፦ መሐላው የሚፈርሰው የቱ ጋ ነው?

መ፦ ልባቸው ወዲያው ነው የሚከዳቸው፤ የሚጋለጡት ግን በአራተኛው ገቢር፣ በሦስተኛው ትዕይንት ነው። እሱን ስንቴ ባነበው አልጠግበውም። ቤሩን ብቻውን ሲብሰለሰል ንጉሡ ወረቀት ይዞ ብቅ ይላል፤ ቤሩን ይደበቃል። ንጉሡ የፍቅር ግጥሙን አንብቦ ሎንጋቪል ሲመጣ እሱም ይደበቃል። ሎንጋቪል ደግሞ ዱሜን ሲመጣ። ከዚያ ሎንጋቪል ወጥቶ ዱሜንን ይወቅሳል፣ ንጉሡ ሁለቱን፣ ቤሩን ሦስቱንም። ቤሩን ንጹሕ መስሎ ሲገሥጽ ከልዕልቲቱ ደንገጡሮች ለአንዷ፣ ለሮዛሊን፣ የጻፈው ደብዳቤ መንገድ ስቶ እዚያው ይደርሳል። አይቶት ይቀዳደዋል። ዱሜን ብጣሹን ለቅሞ ያያል፤ የቤሩን ጽሕፈት፣ ከነስሙ!

ጥ፦ ኢትዮጵያን የሚያነሣ መስመር አለ ይባላል፤ እውነት ነው?

መ፦ አለ፣ እዚያው ትዕይንት ውስጥ። የዱሜን ግጥም የአማልክቱ አለቃ ወዳጄን ቢያያት ሚስቱን ጁኖን «ኢትዮጵያዊት ናት» ብሎ ይምል ነበር ይላል። ቃሉ በዚያ ዘመን ጥቁርን ሰው በጅምላ የሚጠሩበት ነው፤ ማዋረዱ ግልጽ ነው፣ አላለሳልሰውም። ነገር ግን ቤሩን የሚወዳት ሮዛሊን ጠይም ናት። ንጉሡ ጥቁረት የሲኦል ምልክት ነው ብሎ ሲያላግጥበት፣ እንደ እሷ ያልጠቆረ ፊት ውብ አይባልም ብሎ ይሟገታል። የፊተኛው መስመር ብቻውን ተቆርጦ ሲጠቀስ የሚከፋኝ ለዚህ ነው።

ጥ፦ መቼ ተጻፈ?

መ፦ በ1590ዎቹ አጋማሽ ገደማ፤ የታተመው በ1598 እ.ኤ.አ. ነው። የርዕስ ገጹ በገና ሰሞን በንግሥት ኤልሳቤጥ ፊት መታየቱን ይናገራል።

ጥ፦ ኮሜዲ ከሆነ ሠርጉ የታለ? ቅር ብሎኝ ነው የዘጋሁት።

መ፦ እህቴ፣ እኔ የምወደው ለዚሁ ነው። ጨዋታው በደራበት ሰዓት የልዕልቲቱ አባት መርዶ ይመጣል። ወንዶቹ በለቅሶ መሐል ለጋብቻ ይለምናሉ፤ ሴቶቹ ግን መሐላ ያፈረሰን ሰው በሌላ መሐላ አያምኑትም። ንጉሡ ዓመት ሙሉ በባሕታዊ ጎጆ ይቀመጥ ተባለ። ቤሩን፣ ምላሱ ሰው ማቁሰል ስለለመደ፣ አሥራ ሁለት ወር ሕሙማንን እየጠየቀ የሚያቃስቱትን በቀልዱ ያስቅ ተባለ። እስከ ጋብቻው የቀረው ዓመት ከአንድ ቀን ለተውኔት ይረዝማል ይላል እሱ ራሱ። ቃላቸውን ይጠብቁ እንደሆነ ሳናይ የጸደይና የክረምት ዘፈን ይዘፈናል፤ ጉጉት ትጮኻለች፣ ወጥ ሠሪዋ ድስቷን ታማስላለች።