በተማሪ ኪስ ሮምን ለማየት ላሰብሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ ግን አልሆነልኝም። ሃንጋሪ በስኮላርሺፕ እየተማርሽ ነው። እንደምንም 250 ዩሮ ቆጥበሻል። መጋቢት ላይ አራት ቀን ዕረፍት አለሽ። ሮምን ማየት ትፈልጊያለሽ፤ ከዚህ በፊት ደግሞ ለጉብኝት የትም ሄደሽ አታውቂም። «ገንዘቡ ይበቃኛል? የቱን ከፍዬ ልግባ፣ የቱን ልተው? ጾም ነው፤ ምን እየበላሁ እሰነብታለሁ?» ብለሻል።

እኔም እዚያው አገር፣ በዚያው ስኮላርሺፕ ነው የተማርኩት። በእኔ ጊዜ በወር 43,700 ፎሪንት ነበር የሚሰጠን። ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሮም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ተማሪ ሆኜ፣ ሁለቱንም በሁዳዴ።

ይበቃሻል። ግን ገንዘብሽን ከየት በኩል እንደምትጠብቂው ልንገርሽ። ሁላችንም መጀመሪያ የምንፈራው የመግቢያ ዋጋ ነው። ሮም ውስጥ ግን ትልልቁ ነገር ወይ ደጅ ላይ ቆሟል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በነፃ አለ። ኪስሽን የሚያራቁተው ዳር ዳሩ ነው። ሻንጣው፣ ከአየር ማረፊያ መግቢያው፣ ከመሃል የራቀ ማደሪያው፣ ቁጭ ተብሎ የሚጠጣው ቡና።

ከሻንጣው ልጀምር፤ እኔን የጎዳኝ እሱ ነውና። የመጀመሪያውን ቲኬት በጣም ርካሽ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሩ ላይ ሻንጣዬን መለኪያው ሳጥን ውስጥ ክተት ተባልኩ። ጎማው አላስገባ አለ። ሁለት ጣት የምታህል ነገር ናት የተረፈችው። ገፋሁት፣ አገላበጥኩት፣ ወይ ፍንክች። ለቲኬቱ ከከፈልኩት በላይ ለሻንጣው ከፈልኩ፤ የሁለት ቀን ምግቤ እዚያው በር ላይ ቀረ። ስለዚህ ጎማ ያለው ነገር አትያዢ። ትምህርት ቤት የምትይዣትን የጀርባ ቦርሳ ያዢ። የአየር መንገዱን ልክ በሴንቲሜትር አንብበሽ፣ ዕቃውን ከከተትሽ በኋላ በሜትር ለኪያት። ወፍራሙን ጃኬት ልበሺው። መጋቢት ላይ ሮም ጠዋትና ማታ ስለሚቀዘቅዝ ይጠቅምሻል።

ወረቀት ደግሞ አደራ። ዋናውን ፓስፖርትና ዋናውን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ያዢ፤ ፎቶ ኮፒ አይሆንም። በመኖሪያ ፈቃዱ ሌሎች የሼንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀን 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ። አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለውን ሰው ከፍተሻው በፊት ቆጣሪያቸው ጋ ወረቀቱን አሳይ ይላሉ። ስልክሽ ላይ ቲኬት ስላለ ብቻ ቀጥ ብለሽ ወደ ፍተሻ አትሂጂ። ቀድመሽ ድረሺና ጠይቂ።

ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ካረፍሽ፣ ተርሚኒ እስከሚባለው የከተማው ዋና የባቡር ጣቢያ ድረስ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው። ከዚያው ከአየር ማረፊያው የሚነሳው ተራ ባቡር ደግሞ 8 ዩሮ ነው፤ ትራስቴቬሬና ኦስቲየንሴ የሚባሉት የከተማው ጣቢያዎች ላይ ያወርድሻል። አውቶቡሱ ከሁለቱም ይረክሳል። መንገድ ከዘጋ ግን ይጎተታል።

ማደሪያሽን ተርሚኒ አካባቢ አድርጊው። «እዚያ ሌባ አለ» የሚሉሽ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ኪስ አውላቂ አለ፤ ሜትሮ ውስጥም አለ። ቦርሳሽን ወደ ፊት አድርገሽ ከያዝሽ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ከተማ ዳር 5 ዩሮ የረከሰ አልጋ ይዘሽ በየቀኑ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ከምታጠፊ፣ ከተርሚኒ በእግርሽ ወጥተሽ በእግርሽ መግባት ይሻልሻል። ለሴቶች ብቻ የሆነ ክፍልና ማብሰያ ቤት ያለው ሆስቴል ምረጪ። የራስሽን ቁልፍ ያዢ። የከተማው ግብር በየሌሊቱ ለብቻው ይከፈላል፤ ሆስቴሉ ብዙ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚቀበለው።

ተርሚኒን ካነሳሁ አይቀር፣ እንደደረስሽ በዚያው የምታዪው ነገር አለ። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ዛፎች መሃል፣ መታሰቢያቸው አለ። ከላይ ያለው የግብፅ ሐውልት ነው፤ ግርጌው ላይ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። አሁን ለገሃር የምናውቀው የይሁዳ አንበሳ ተዘርፎ የቆመው እዚያ ነበር። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ጎራዴ የመዘዘው እዚያ ነው። አሁን ተጓዥ ሳንድዊች እየበላ የሚያርፍበት ቦታ ነው። እኔ አንድ ሙሉ ጠዋት ቁጭ አልኩ። የመግቢያ ክፍያ የለው፣ ሰልፍ የለው።

ከከፈልሽ ኮሎሲየም ክፈይ። 18 ዩሮ ነው። ቲኬቱ ፎሩም የሚባለውን የጥንቷን ሮም አደባባይና የፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል። ድረ ገጹ ላይ ከ18 እስከ 25 ዓመት ለሆኑ 2 ዩሮ የሚል ታያለሽ። እሱ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ነው፤ የሃንጋሪ የተማሪ መታወቂያሽ አይሠራም። አንድ ጓደኛችን ይህን ሳያውቅ ቅናሹን ገዝቶ ሄዶ በር ላይ ተመልሷል። ቲኬቱ በስም ስለሆነ ፓስፖርት ያዢ። ከራሱ ከኮሎሲየም ድረ ገጽ ቀደም ብለሽ ግዢ፤ መንገድ ላይ የሚሸጡልሽ እጥፍ ያስከፍሉሻል። ጉዞሽ የፈረንጅ ወር የመጀመሪያ እሁድ ላይ ከዋለ በነፃ ትገቢያለሽ፤ ሰልፉን ግን ቻይው። የቫቲካን ሙዚየም በተቃራኒው የየትኛውም አገር ዜጋ የሆነ ተማሪ እስከ 25 ዓመቱ በመታወቂያው ይቀንስለታል። ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ እኔ ስሄድ 5 ዩሮ ነበር።

አሁን በነፃ ከሚታየው አንዱን ብቻ በደንብ ልንገርሽ። ፒያሳ ናቮና የሚባለው አደባባይ አጠገብ ሳን ሉዊጂ ዴ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ስትገቢ በስተግራ ወደ መጨረሻው ሂጂ። ጨለም ያለ ጥግ ነው። ሰዎች ዝም ብለው ቆመዋል። ግድግዳው ላይ ሳንቲም የሚከተትባት ትንሽ ሳጥን አለች። አንድ ሰው ሳንቲም ሲከት መብራቱ ቦግ ይላል። ሦስት ትልልቅ የጣሊያናዊው ሠዓሊ የካራቫጆ ሥዕሎች፣ ሦስቱም ስለ ቅዱስ ማቴዎስ። በግራ ያለው ቀራጩ ማቴዎስ ሲጠራ ነው። ጠረጴዛ ከብበው ገንዘብ ይቆጥራሉ፤ ብርሃን ከቀኝ ይገባል፤ ጌታ እጁን ዘርግቷል። ወንጌሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ግን አይቼው አላውቅም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ድርግም አለ። ሌላ ሰው ሳንቲም እስኪከት ጠበቅን። እኔም በተራዬ ከተትኩ። አራት ቀን ውስጥ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያቺ ሳንቲም ናት ያላሳዘነችኝ። ቀትር ላይ ይዘጋሉ፤ ጠዋት ሂጂ።

ምግብ ላይ ጾሙ ጭራሽ ጠቅሞኛል። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ፎርኖ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሱቅ ፈልጊ፤ የእኛ ፉርኖ ዳቦ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ፒዛውን በትልቅ መጥበሻ ደርድረው በኪሎ ይሸጣሉ። ሻጩ ቢላውን ፒዛው ላይ አስቀምጦ ዓይን ዓይንሽን ያይሻል። ይህን ያህል ልቁረጥ ማለቱ ነው። ከበዛ «ሜኖ» በዪው፣ ቢላውን ወደ ዳር ያስጠጋዋል። «ሴንሳ ፎርማጆ» ማለት ያለ አይብ ነው። ይህችን ቃል አጥኚያት። እኔ በፌስታል ሽሮ ይዤ ሄጄ ማታ ማታ ሆስቴሉ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ሽታው ስንት ሰው አስተዋወቀኝ መሰለሽ። ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። አንድ ቀን በያይነቱ ብትበዪ አይጎዳሽም።

ቡና ቆመሽ ጠጪ። ያው ቡና ወንበር ላይ ስትቀመጪ ዋጋው ሌላ ነው። ማኪያቶ ስትዪ ደግሞ የአዲስ አበባውን አትጠብቂ፤ በሁለት ጉንጭ የሚያልቅ ነው የሚመጣልሽ። ውኃ ግን በፍጹም እንዳትገዢ። ከተማው ውስጥ ወደ 2,500 የሚሆኑ የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፤ ናሶኒ ይሏቸዋል፣ ትልልቅ አፍንጫዎች እንደማለት። ውኃው ሁልጊዜ ይፈሳል፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። አፉን በጣትሽ ስትደፍኚው ላዩ ላይ ካለችው ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ብድግ ይላል፣ ጎንበስ ብለሽ መጠጣት ነው። ባዶ ጠርሙስ ያዢ።

ትራንስፖርት ብዙ አያስፈልግሽም። አንዱ ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃ ይሠራል። ስትሳፈሪ ማሽኑ ላይ ማስመታት እንዳትረሺ፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። የቀረውን በእግርሽ ሂጂ፤ ጥሩ ጫማ አድርጊ። በሁለተኛው ጉዞዬ አውሮፕላን ደርሶ መልስ 45፣ ሦስት ሌሊት አልጋ 78፣ ግብሩ 10 ገደማ፣ አየር ማረፊያ ደርሶ መልስ 16፣ ኮሎሲየምና ፓንቴዮን 23፣ የትራንስፖርት ቲኬት 9፣ ምግብ 55 ዩሮ ወጣኝ። ከ240 አላለፈም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ካለሽ ያዢ። ጉልላቱ ላይ በእግር መውጣት ትንሽ ይከፈልበታል፤ 551 ደረጃ ነው። ከላይ ሆነሽ ከኋላ በኩል የቫቲካንን የአትክልት ቦታ ተመልከቺ። ከባዚሊካው ጀርባ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ትባላለች። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእኛ መነኮሳት እዚያ ኖረዋል። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 ያሳተሙት እዚያው ሮም ሆነው ነው። እንደ ልብ የሚገባበት ቦታ አይደለም፤ ግን ከላይ ሆኖ ማየትም ሆድ ያባባል።

የመጨረሻውን ማታ ፖርታ ካፔና ለሚባለው አደባባይ ተይው። ከኮሎሲየም በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር፤ አሁን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ። እዚያ አካባቢ አሁን ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ታያለሽ፤ እነሱ ለሌላ መታሰቢያ ናቸው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው ከሞሮኮው ራዲ ተነጥሎ የወጣው። ከዚያ ቀጥ ብሎ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ።

ያንን መንገድ እኔም ሄድኩት፣ ሊጨልም ሲል። መኪናው ብዙ ነው። ዛፎቹ በግራና በቀኝ ረጃጅም ናቸው። ቅስቱ ከሩቅ በመብራት ይታያል። ጫማዬን ማውለቅ አማረኝና አወለቅኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።

የበረራሽን ቀን ስትቆርጪ እዚሁ ጻፊልኝ። በዚያ ሰሞን ሮም ያሉ ልጆች ካሉ አገናኝሻለሁ።